የባቲ ታሪፍ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ትኬት ቆርጬ፣
ደሴ መናኸሪያ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣
ባቲን በታሪፍ እንጂ በዓይኔ አላውቃትም፤
ያልጋ ሥር ሻንጣዬን ከፍቼ አላየኋትም።

ያጠራቀምኩትን የባሌ ኩላሊት
ዋጠው፤ እሱም ሄደ በሐምሌ አንድ ሌሊት።
ደግሞ ሙጋድ ቁልቁል፣ አፈር ይብላውና፣
እግሬን ሰበርኩታ፤ ብረት አለው ገና።

ዛሬ በስልሳ አምስቴ ከመስኮት ውጭ ቆሜ፣
«አንድ የባቲ፣ ልጄ፤ አንሻ ይመር ስሜ።»

ሐረጎ ቁልቁሉን ጉሙ ገለል ቢለኝ፣
ኮምቦልቻ ታየችኝ፤ ጆሮዬም ጧ አለኝ።
ጠመዝማዛው ላይም ነዘረች ብረቷ፤
አልሐምዱሊላህ፣ ከኔው ጋር መምጣቷ።

«ባቲ ማን አለዎት?» ሲለኝ ጎኔ ያለው፣
«ማንም፤ ሠላሳ ዓመት የሸጥኩትን ላየው።»