ጠብ ሲል

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሴጌድ፣ ቲሳ ወንዝ ዳር፣
ሠላሳ አንድ ተማሪ ገባ ከነካፖርቱ፣ ከነብርዱ ጋር።
በሩ ላይ የለጠፍኩትን «የትርምስ ትምህርት» አንብቦ
ቤንደጉዝ ሳቀ፤ አጠገቡ ላለችው ሹክ አላት ቀርቦ፦
«ይሄንንስ እናቴ ቤት በነጻ ተምሬው ነበር።»

ሰሌዳው ላይ ዓሣ ጻፍኩ።
የዘንድሮው ይህን ያህል ቢሆን የከርሞው ስንት ይሆናል?
አባዙ፤ ወንዙ ሲጠብ የሚሞተውን ቀንሱ፤ የቀረው ደግሞ ይባዛል።
አንዲት መስመር ነች፤ ልጅ የሚችላት ሒሳብ።
ማባዣዋን ትንሽ ከፍ ስናደርጋት ያ ጸጥተኛ ወንዝ ግን
አንድ ዓመት ጥጋብ፣ አንድ ዓመት ረሃብ፤
ቀጥሎ በየአራት፣ ቀጥሎ በየስምንት፣ ቀጥሎ
ጠመኔዬ ተሰበረ። ባይሰበርም የሚጻፍ ዑደት አልነበረም።

እኔ በወረቀት ብቻ አላምንም።
ወስጄ አቆምኳቸው ቤተ ሙከራው ጥግ፣ የሚያፈሰው ቧንቧ ሥር፤
የቀለም ቆርቆሮ ደፍቼ፣ ማይክሮፎን በላስቲክ ጠቅልዬ፦
«ዝም በሉ፤ ዕረፍቱን ለኩ፤ ውኃው ይናገር።»
ጠብ። ጠብ። ጠብ። የግድግዳ ሰዓት።
የፀጉር ያህል አላላሁት።
ጠብ-ጠብ። ጠብ-ጠብ። ረጅም አጭር፤ የሚያነክስ ሰው ርምጃ
ሌሊት ሲወርድ በደረጃ።
ደግሞ አላላሁት፤ አራት ሆነ። ደግሞ፤ መቁጠሪያው ጠፋ፤
ባቄላ ቆርቆሮ ላይ እንደ ተደፋ።

በስድስተኛው ሳምንት ዐሥራ ዘጠኝ ቀሩ።
እኔ ጠብ እርግፍ ስል፣ የፈተና ወረቀታቸው ላይ
ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

ቤንደጉዝ ብቻ አንድ ቀን ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣
ለአንዱ ሙሉውን ቁጥር፣ ለሌላው ከሰባተኛው ቤት ቆርጦ፣
ለቀቃቸው። እስከ ሃያ እንደ መንታ ተያይዘው ሄዱ።
ሠላሳ ላይ ተገላመጡ። ዐርባ ላይ እንኳን ሊዋደዱ
ሰላምታም አልነበራቸው።
«ጠባቸው በምንድን ነው?» አለች ሻሮልታ።
«በአንዲት ጠብታ።»
አልሳቀችም። «ሕጉን በእጃችን ይዘን የነገውን ካላወቅን
ታዲያ እዚህ ምን ተማርን?»
በየዓመቱ የምሰጠው መልስ አለኝ፤ ጥሩ መልስ ነው።
ያን ቀን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ዞሬ ንጹሑን ሰሌዳ ጠረግሁ።

ግንቦት፣ የመጨረሻው ሳምንት። ቧንቧው ደረቀ።
ጌርጎ፣ የሕንፃው ጥገና፣ ሌሊት ገብቶ፣ ጎማውን ለውጦ፣
ናሱን ወልውሎ፣ የኔን ቆርቆሮ ቆሻሻ መስሎት አውጥቶ ሄዷል።
«ፒሮሽካ፣ ሦስት ወር ሲያፈስ ለሰው አይነገርም?» ይለኛል።
ፈተናው ነገ ነው፤ ከቧንቧው ጠብ የሚል የለም።
«እባክህ ጌርጎ፣ መልሰህ አበላሽልኝ።»
አየኝ። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ እንዲህ ያለ ልመና አልሰማም።

አበላሸው። አዲስ ጎማ ግን የአሮጌውን ጥፋት አያውቅም፤
አንዱ ሁለት የሚሆንበት ያ ደፍ በቦታው የለም፤
ሦስት ወር የሞላነው ደብተር የሞተ ቧንቧ ታሪክ ሆነ።
ተማሪዎቹ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ መስኮቱ።
ያኔ ጌርጎ መፍቻውን አስቀመጠ፤ ጆሮውን ወደ ቆርቆሮው ጣለ፣
ዕጀታውን በሁለት ጣቱ፣ እንደ በሽተኛ ክንድ፣ ዳሰሰ፦
«አሁን ሁለት» አለ።
ቆየ።
«አሁን አራት።»
ስክሪኑ ገና እየቆጠረ ነበር።
«ስምንቱንም እሰማዋለሁ፤ ሁሉም ሳይበላሽ በፊት እንዲህ ያደርገዋል።
ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እናንተ ንገሩኝ፤
እኔ እዚያ ስደርስ መፍቻ ነው የማነሣው።»
ሻሮልታ ጻፈችው። ቤንደጉዝ ቆርቆሮውን ደግፎ ያዘለት።

አሁን ዕረፍት ነው፤ ኮሪደሩ ባዶ። የውኃው ክፍያ ለዲኑ ይድረስ፤
ቧንቧው እንዳለ ነው፤ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል፦
ጠብ-ጠብ። ጠብ።
ላጠብቀው ብዬ ተነሣሁ፤
ቀጣዩን ጠብታ ጠበቅሁ።