የመብራት ሠራተኛው ሒሳብ

ሥጋ ቤት አብርቻለሁ፤ ቀይ አምፖል ከመንጠቆው በላይ፣
የትናንቱ ብልት የዛሬ መስሎ እንዲታይ።
ወርቅ ቤት አብርቻለሁ፣ ፒያሳ፣
ግራሙ ሳይጨምር ዋጋው እንዲነሣ።
ፋርማሲውን ነጭ አለበስኩት፤ ነጭ ጥያቄ የለው፣
ከክኒኑ በፊት ንጽሕናውን ነው የሚሸጠው።

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ወይዘሮ ትርሲት የጠራችኝ ለት
መሰላሌን አስደግፌ፣ "መጽሐፍስ" አልኩ፣ "በምን ቀለም ይበራለት?"
መነጽሯን በሻርፗ ጫፍ ጠራረገች፤
"እሱን ባውቅ አንተን እጠራ ነበር?" አለች።

ሟች ባሏ ያሰቀለው አራት ዘንግ ፍሎረሰንት፣
አንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ሁለቱ እንደ ጢንዚዛ ያፏጫሉ፣
አራተኛው ሆዱን የዝንብ ሬሳ ሞልቶታል።
ከሥሩ የቆመ ሁሉ ካርድ ያወጣ በሽተኛ ይመስላል፤
ዋጋ ይጠይቃል፣ ገለጥ ያደርጋል፣ ውልቅ ይላል።

የማውቀውን ነገርኳት፦ ጣሪያው ስፖት ላይት ይሁን፣
መስኮቱን ሰማያዊ እንክበበው፣ ከለገሃር የሚመጣ እንዳያልፈን።
"ናይት ክለብ ልትከፍትልኝ ነው" ብላ ሳቀች፣
ቀብዱን ግን መሳቢያው ውስጥ መልሳ ቆለፈች።

ማክሰኞ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ መብራት ሄደ።
እኔ መሰላል ላይ፣ ፒንሳ በእጄ።
ወላሂ አልነካሁም፤ የሰፈሩ ሁሉ ነው የሄደ።
አሁን ሁሉም ይወጣል ብዬ ስጠብቅ
ማንም አልወጣም።
አንዱ ተማሪ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ገጹ ላይ አጎነበሰ።
ወዲያ ጥግ አንዲት ነርስ፣ ጋዋኗን በክንዷ ይዛ።
አንድ ሽማግሌ፣ ስልካቸው ባለ ቁልፍ፣
ብርሃኑ ውሃ የበዛበት ሻይ።
እዚህም ክብ፣ እዚያም ክብ፣
በመሃሉ ጨለማ፣ የገጽ ድምፅ።
ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ ሳበራ ኖሬ
ሰው ሲበራ ያን ቀን አየሁ፣
ከላይ፣ ከመሰላሌ ጫፍ።

ከዚያ አራት ቀን ፈጀ።
ዘንጎቹን አወረድኩ፤ ዝንቦቹን ወይዘሮ ትርሲት ራሷ ጠረገች።
ቢጫ አምፖል በረጅም ገመድ፣ ደረት ጋ እስኪደርስ ለቀቅኩ፤
የታሪኩን መደርደሪያ ከጎን፣ ጥላው ወደ ኋላ እንዲወድቅ፣
የልጆቹን ዝቅ፣
የሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ድረስ ዝቅ።
ግጥሙ ጋ ስደርስ፣ "እሱን ተወው" አለች፣
"የሚፈልገው በዳበሳም ያገኘዋል።"
ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።
ብቻ ሳታየኝ፣ ከመደርደሪያው ሥር
አንዲት ማብሪያ ሸጎጥኩለት።

አሁን ማታ ማታ በዚያ ሳልፍ
ፊት ለፊት ያለው ባንክ ሰው ሳይኖርበት ሌሊቱን ይንቦገቦጋል።
የእሷ መስኮት ከመንገዱ ደብዘዝ ያለ ነው፤
ያጎነበሰ ጀርባ ይታይበታል።
የታክሲ ረዳቱ ስሙን አውጥቶለታል፦
"ወራጅ አለ ቢጫው ጋ?"
ሁልጊዜ አንድ ሰው "አለ" ይላል።

ሒሳብ ስንተሳሰብ ሦስት መቶ ብር ጎደላት።
"በመጽሐፍ ውሰድ፣ ምረጥ" አለች።
እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወፈር ያለውን አነሣሁ፤
ቤት ወስጄ ቁም ሣጥን ላይ ጣልኩት።
ሳምንት ሳይሞላው ልጄ ኸይሪያ አወረደችው።
የእኛ ቤት አምፖል ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ፣ ራቁቱን ነው፤
የሰው ቤት ሳበራ
የራሴን ቀና ብዬ አላየሁትም።
መጽሐፉ ላይ የራሷ ጥላ ተኝቶበታል።
ወንበር ሳብኩ፣ ፒንሳዬን አነሣሁ፣
ገመዱን ቀጠልኩ፣
ዝቅ፣
ትንሽ ዝቅ፣
"በቃ አባዬ፣ ጸጉሬን አቃጠልከው" አለች
ዓይኗን ከገጹ ሳታነሣ።