ያልጸደቀ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ። ሰዓት፦ ዘጠኝ ተኩል።
ቦታ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ አዳራሹ ጣሪያው የሚያቃጥል።
ማራገቢያው አንድ፣ እሱም የሚያነክስ፣
ሙቀቱን ካንዱ ግንባር ወዳንዱ የሚያመላልስ።
ጸሐፊ፦ እኔ ነኝ፤ ስሜ አይመዘገብ፣
ሥራዬ መስማት ነው፣ ቃል ከቃል መሰብሰብ።

አጀንዳ፦ አንድ ቅጠል። ስሙን ሲጠሩት
ሰው ዞሮ ያጣራል በሩን እንደዘጉት።

ዶክተር ንዋይ ቆሞ ረቂቁን አነበበ፣
ከሌላ አገር ሕግ ነው እየተረጎመ ያሰባሰበ፤
«ታማሚው በቤቱ ሆኖ፣ ብቻውን፣ ያጨሳል» የሚለው ላይ ሲደርስ
የመሪጌታ ልሳነወርቅ ሳል አዳራሹን ሊያፈርስ።

«ብቻውን?» አለች ረምላ፣ የአፎቻዋ እናት፣
«እዚህ አገር ማነው ብቻውን የሚታመም? ማነው ብቻውን የሚሞት?
በሽተኛ ቤት ሰው ይሞላል፤ ልጅ አለ፣ ጎረቤት፤
ጭሱ የሱን አጥንት ትቶ ይገባል ከሰው ደረት።»

«ጭስ» ተሰረዘ። «ጠብታ» በሚል ተተካ፣
በዘይት፣ በማንኪያ ጫፍ፣ ዘመድ ፊት እየተለካ።

ሸኽ ሙክታር ዝም አሉ፤ መቁጠሪያቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ፣
«የሚያሰክር ክልክል ነው» አሉ በኋላ፣ ድምፃቸው እንደለሰለሰ፣
«ግን ሕመሙ ራሱ ሰውየውን ከሶላቱ ከወሰደውስ?
ያኔ የሰከረው ማነው? እሱን ንገሩኝና እኔ ልመለስ።»

መሪጌታ፦ «በኛም ዘንድ የዕፅ መጽሐፍ አለ፣
በሌሊት የሚነበብ፣ በቀን የለም የተባለ።»
(ይህ እንዳይመዘገብ ጠይቀው ነበር።
ዘግይተው ጠየቁኝ፤ ቀለሙ ደርቆ ነበር።)

ሙሉካ ከአወዳይ፣ ዘምቢሏ እግሯ ሥር፣
በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላው፣ እንዳይነካው አየር፣
«የኔን ቅጠልስ» አለች «የትኛው ሐኪም አዘዘው?
አያቴ አዘዙ፣ ጎረቤት ፈረመ፣ ሠርግና ለቅሶ አጸደቀው።»
ሳቅ ሆነ። ከሳቁትም ግማሹ፣ ልጻፈው ወይስ ልተው?
አንድ ጉንጫቸው አብጦ፣ ሳቁ በሌላው በኩል ነው የሚወጣው።

አንቀጽ ሰባት፦ ማደያው በጠዋት ይከፈት፤
ከቀትር በኋላ በዚህ ከተማ ፊርማ አይቀናም፣ ሁሉም ነው በርጫ ቤት።
አንቀጽ ስምንት፦ በረመዳን፣ ካፈጠሩ ወዲያ።
አንቀጽ ዘጠኝ፦ ሁለት ቁልፍ ይኑረው ማስቀመጫው ሣጥን፣
አንዱ በነርሷ አንገት፣ አንዱ ከረምላ መቀነት፣
(ዶክተሩ «በደንቡ አይቻልም» ቢል፣
«እንግዲያው ደንቡ ራሱ ይምጣና ሣጥኑን ይጠብቅ» ተባለ።)

ከኋላ ረድፍ ሆዳን ተነሣች። እጇን አላወጣችም።
ሰብሳቢው «ተራሽን» ቢላት፣ ተራዋን አልጠበቀችም።
«ዋርሳሜን ታውቁታላችሁ፤ የሸመንደፈሩ ፍሬን ያዥ፣
ባቡር ሙሉ ሰው በክንዱ የሚይዝ።
አሁን ዳሌው ውስጥ የገባውን መያዝ አቃተው።
ሌሊት፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ፣ ቀበቶውን ነው የሚነክሰው።
አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ስንት አንቀጽ ቀረ?»

ዶክተር ንዋይ ወረቀቱን ገለጠ፣ በጣቱ ቆጠረ።
«አሥራ ዘጠኝ» አለ።
ማራገቢያው ሦስት ጊዜ ዞሮ ቆመ።
ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተቀጠረ።

*

ቀን፦ ማክሰኞ። ሰዓት፦ ዘጠኝ ተኩል።
ከእኔ በቀር የመጣ የለም። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም።
ምክንያት፦ አባላቱ በሙሉ ለቅሶ ላይ ናቸው፣ ደቻቱ ማዶ።

እኔም ሄድኩ። ሸኹ ዱዓ አድርገዋል፣
መሪጌታ ከዳሱ ጫፍ፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል፣
ሙሉካ ዘምቢሏን ሳትሸጥ አከፋፍላው፣
ዶክተሩ ውኃ ያድላል፤ ማንም አላዘዘው።
ረምላ የልጆቹን ስም ትጠራለች፣ የትኛው የት እንደሚያድር።
አንድ ቃል ስለ ቅጠሉ አልተነሣም፤ ግን ሁሉም ስለሱ ነበር።

ስወጣ ሆዳን አንድ ነገር ጠቅልላ እጄ ውስጥ አኖረች፣
«ከወረቀቱ ጋር ይሁን» ብቻ ነው ያለች።

አባሪ፦ አንድ ቀበቶ፣ የቆዳ፣ ቡናማ፣
ከዘለበቱ እስከ መሐሉ በጥርስ የተነበበ።
ፊርማ፦