ዋይ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከባሕር ዳር ወደብ
ሞተሩ ሲያጉረመርም፣ ገመድ ስንሰበስብ፣
አንድ ሽበታም ፈረንጅ ከጀልባዬ ገባ፣
ባርኔጣው ሰፌድ የሚያህል፣ ሸሚዙ ባለ አበባ።
«ዘጌ» አለኝ፤ «ዘጌ» አልኩት፤ በዋጋው ተስማማን፤
እዚያው ላይ አለቀ የምንጋራው ልሳን።

ረዳቴ ምንይችል፣ ጀሪካን ተደግፎ፣
ስልኩን፣ ድምፅ እንዲያጎላ፣ ጣሳ ውስጥ ወትፎ፣
ያን የእንግሊዝ ዘፈን፣ ያንን የዘወትሩን
ከፈተው። ቃሉን ሳያውቅ፣ ሳይስት ግን ምቱን፣
ዓይኑን ጨፍኖ፣ አብሮ፦
«ዋይ… ዋይ… ዋይ…»

ሰውየው ብድግ ሲል ጀልባዋ ዘመመች፤
«ተቀመጥ!» አልኩት በእጄ፤
የሱ እጅ ግን ደረቱን ይዛ ቀረች።
«የኛ ነው! የኛ!» አለ። ምንይችል ፈታልኝ፣
ባሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛው እየገመተ ነገረኝ፦

«ከሰፈራችን ጀርባ፣ ዝናብ በሚያፈስ ጋራዥ
ሦስት ሥራ ፈት ልጆች አንድ ጊታር ተዋሱ።
አባቴ መርከብ ሠሪ ነበር። መርከቡ ቀረ።
ፋብሪካው ተዘጋ። ወደቡ ሣር አበቀለ።
ባንዲራችንም ከሰው አገር ሰገነት
ተጠቅልሎ ወረደ፣ ደግ አደረገ።
ይህ ዘፈን ግን ይኸው፣ ቲኬት ሳይቆርጥ፣
ጣና ላይ ቀድሞኝ ደረሰ።»

ቀናሁ፤ አልዋሽም።
ጦር ሳይሰብቅ፣ ግብር ሳይጥል፣ አስተርጓሚም ሳይሻ
ከዚያች ዝናባም ደሴት እስከ ደንገል ዳርቻ
መጥቶ የልጁን አፍ ገዛ።
ሰውየውን ግን ወደድኩት። በሌላ ሰው ልጅ ዘፈን
ፊቱ እንዲህ ሲፈካ፣ እሱ የደረሰው ይመስል።

«ምን ሆኖ ነው ግን» አለ ምንይችል፣
«ዘፋኙ እንዲህ የሚያለቅሰው?»
«አያለቅስም» አለ ሰውየው። «‹ዋይ› በኛ ‹ለምን› ነው።»
ልጁ አፈረ።
«እኔ እኮ ሰው ሞቶበት መስሎኝ
ሁለት ዓመት ሙሉ አዝኜለት ነበር።»

ክብራን ጋ ስንደርስ «የናንተስ?» አለ እንግዳው፤
«ባሕር የተሻገረ?»
ሞተሩን አጠፋሁ።
አባቴ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ከዘጌ
ሲቀዝፍ የሚያንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረች፤
ባለቤት የላት፣ ካሴት የላት፣
ከዚህ ውሃ ወጥታ አታውቅ።
«ቀስ በል ማዕበሉ፣ እንጨቴ እንዳይረጥብ…»
አልኩና፣ ሁለተኛው ስንኝ ጠፋኝ፤
የሃያ ዓመት የሞተር ጩኸት በልቶታል መሰለኝ።

ውሃው የጀልባዋን ጎን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል።
አንድ ቆረሶ ዘለለ።
ያኔ ምንይችል፣ ባባቴ ዜማ፣ ቀስ ብሎ
«ዋይ…» አለ። «ዋይ…»
በኛ ይሁን በነሱ አልጠየቅኩትም።

ሰውየው ሊቀዳን ስልኩን ሲያወጣ
ገመዱን ሳብኩት፤ ሞተሩ ተቆጣ።
አፍሬ ይሁን ኮርቼ፣ እንጃ።
ዘጌ ገና ሩቅ ነበር።