ሁለተኛ

ሜኮንግ ደክሞት መጥቶ ባሕር ላይ ይተኛል፤
እኛ ዘንድ በኩር ልጅ «ሁለተኛ» ይባላል።
ክፉ መንፈስ መጥቶ በኩሩን ቢጠይቅ
አንደኛ የሚባል አጥቶ፣ አፍሮ እንዲርቅ።
አባቴ ለእናቱ ስድስተኛ ልጅ ነው፤
ሰፈሩ «ሰባተኛ» ይለዋል፣ ለሞት አንድ ቁጥር አሳስተው።

ሦስት ኩሬ አለው፤ ከማንግሮቭ ጫካ የተወሰደ፣
የባንክ ዕዳ ያዘለ፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተጋረደ።
ሌሊት ሌሊት መቅዘፊያው ውሃውን ይገርፋል፤
ሽሪምፑ አየር ያገኛል፣ አባቴ እንቅልፍ ያጣል።

በሃያ ሰባተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ገና ሊነጋ ነው።
«ዲየም» አለኝ፤ ዝም አለ። የሚሰማኝ መቅዘፊያው ነው።
ከዚያ፦ «ትሪውን አነሣሁት፤ ምግቡ እንዳለ ነው።»
ሽሪምፕ ለሚያረባ ቤት ይህ ቃል መርዶ ነው።

አንጀታቸው ባዶ፣ ጉበታቸው የገረጣ፣
ልጣጫቸው የላላ፣ እንደ ተዋሱት ልብስ ሰፍቶ የመጣ።
ወለሉ ላይ ወተት የመሰለ ሬሳ፤
አባቴ አንዱን በመዳፉ ይዞ መረቡን ረሳ።

እኔ ኛ ትራንግ ነኝ፤ ሥራዬ ጭቃ ነው።
ጠላቂዎች ከባሕር ወለል በቱቦ ያመጡትን
አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ፣ በጨው ውሃ እበጠብጣለሁ፣
ሳህን ላይ ዘርቼ እንደ ገበሬ እጠብቃለሁ።
አንዳንዱ በሁለት ቀን ይበቅላል፣ አንዳንዱ በሰባት ሳምንት፤
ብርቱካንማ፣ የተኮማተረ፣ ሽታው ዝናብ የነካው መሬት።

በሌሊት አውቶቡስ፣ በበረዶ ሣጥን የላካቸውን
ከፍቼ በማጉያ አየሁት፣ ያን ዐይን የማያየውን፦
ጎበጥ ያለ ዘንግ፣ እንደ ሕፃን ቅንድብ።
ክፉ አይመስልም። የሚጣደፍ ነው፣ የሚራብ።
ኩሬውን እኛ አጠበብን፣ ምግቡን እኛ አበዛን፤
እንግዳ ጠርተን ሲመጣ፣ ማንን እንክሰስ?

ጎረቤታችን ካንግ ጆንያ ሙሉ መድኃኒት ይዞ መጣ፦
«በትን! እኔም በትኜ ነበር።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ሁሉም አለቀ።»
ቅንድቡ መድኃኒቱን ለምዶታል፣
ሰካራም አረቄ እንደሚለምድ።

አባቴ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነው፦
«ያን ዓመት፣ የሽሪምፕ አፍንጫ እጄን ወግቶኝ፣
ክንዴ እስከ ትከሻ አብጦ፣ ሐኪሙ ‹እንቁረጠው› ሲለኝ፣
ያዳነኝ ክኒን ከየት ነው?»

ሴፋሌክሲን ነው፣ አባዬ።
የዘር ሐረጉ ሩቅ ነው፤ ሰርዲኒያ ከሚባል ደሴት፣
የከተማ ፍሳሽ ባሕር ከሚገባበት፣
አንድ ሻጋታ ተገኘ እዚያ ቆሻሻ ውስጥ።

«ከፍሳሽ?» አለ። መቅዘፊያው ቆሟል አሁን፤ ለምን ይዙር?
«ስንት ጊዜ አፍንጫዬን ይዤ አልፌዋለሁ፣ የእኛን ቦይ።»
ከዚያ እንደ ልጅ፦ «ለኔስ ኩሬ የሚሆን አለሽ ወይ?»

እንዴት ልንገረው? ከመቶ አሥራ አራት ሳህን በአንዷ
ብርቱካንማ ነጥብ አለች፤ ዙሪያዋን ቅንድብ አልበቀለም፤
የጥፍር ስፋት ያላት ጥርት ያለች ቀለበት።
ሳህን ኩሬ አይደለም፣ አባዬ። ሽሪምፑንም ትገድል ይሆናል።
ዐሥር ዓመት ይፈጅ ይሆናል። ባንኩ ደግሞ መስከረም ላይ ነው።
አንዱንም አላልኩትም። «አንዲት አለች» ብቻ አልኩት።

«ስሟስ ማን ነው?»
«ስም የላትም። መጀመሪያ ያገኘናት ስለሆነች
ክዳኑ ላይ ‹አንደኛ› ብዬ—»
«ተይ!» አለ፣ እንደ ጥንቱ ተቆጥቶ፤
«ልጅ አሳድገሽ አታውቂም!»

ብዕሬን አነሣሁ። የጻፍኩትን ሰረዝኩት።
ከጎኑ ሌላ ጻፍኩ።
ሳህኑን ቀስ ብዬ ወደ ሙቀቱ መለስኩት።