ሁለት ጣት

ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ አልክድም።
አራት ጣት ከባሌስትራው፣ ሦስት ደግሞ ከጎማ፣
ሁሳቪክ ወደብ ድረስ ጉራዬ እስኪሰማ፤
ዓሣ የሚያራግፈው ሥራ ፈትቶ ሲስቅ፣
«ወንዝ አይደርስባትም፣ በረዶም አታውቅ!»
ብዬ ወጣሁባት፣ እንደ አዲስ ሹም በቅሎ፣
ልቤ ከእኔ ቀድሞ ኮርቻው ላይ ውሎ።

በሦስተኛው ቀን ነው፤
ቫትናዮኩል ግርጌ፣ አንዱ የኋላ እግሯ
ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል፣ ከሥር ሰማሁት፦
ቅ...ር፣ ቅ...ር፣ ቅ...ር፤
እንቅልፍ ላይ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ልጅ።
ሬዲዮ ከፈትኩበት።
ጆሮ የነፈጉት ነገር የሚጠፋ ይመስለኛል፤
በትዳሬም እንዲሁ ነበርኩ፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

እህቴ ሃልቤራ፣
አሥራ ስድስት ክረምት የነፍስ አድን ቡድኑን መኪና ስትጠግን የኖረች፣
ሳልን ከሳል እንደሚለይ ሐኪም ጆሮዋ የበረታ፣
አንገቷን በመስኮት አስገብታ
«ሬዲዮውን ዝጋው» አለች።
ዘጋሁት።
«ሻፍትህ አግዳሚውን እየላጨው ነው።»

ገና በዘጠኝ ሰዓት ቀኑ ጨልሞበታል፤
የጋራዡን ቆርቆሮ ነፋስ ይደልቀዋል።
ካርቶን አንጥፋ ገባች፣ በጀርባዋ ተኝታ፤
እኔ መብራት ያዥ ሆንኩ፣ ጉራዬን ትቼ ላፍታ።
«ወደ ግራ!» ትላለች። «ግራ አልኩህ! የእኔን ግራ!»
(እንኳን ሻፍቱ፣ ግራዬም ጠፋኝ በዚያ ሥራ።)

ከካምቢዮው ወደ ኋላ ተኝቶ ይዞር የነበረ ብረት፣
እኔ መኪናዋን ሳነሳ ቁልቁለት መሰላል ሆኖበት፣
ወገቡ ከሻንሲው አግዳሚ ጋር እየተላተመ
ጥቁሩን ቀለም ገፎ ብር የመሰለ ቁስል አተመ፤
የጥፍር ቅርጽ ያላት፣ ቀጭን፣ የምታበራ።
አየኋት። ለካ
እሷን ሳነሳት ነው እኔ ያነስኩት።

«በመዶሻ ገጭ ገጭ ቢደረግ...» ስላት
መልስ አልሰጠችኝም፤ እጇ ሌላ ነገር ይፈልጋል።
ከልጇ ከኦርቫር የተዋሰችውን አረንጓዴ መጫወቻ ጭቃ
አድቦልቡላ አግዳሚው ላይ ለጠፈች፤
ሻንሲውን በክሪክ አነሳች፣ ጎማው እስኪንጠለጠል፤
ሻፍቱን በእጇ፣ ቀስ እያለች፣ አዞረች።
ጭቃው ተዳጠ። ቢላ ሰድዳ ለካችው፤
የወረቀት ያህል እንኳ አልቀረም።
«የሚዞር ነገር ቦታ ይፈልጋል» አለች፤
«አንተ ቁመት ሰጠኸው እንጂ ቦታ አልሰጠኸውም።»

ቆረጠችው።
ከአግዳሚው ላይ ግማሽ ጨረቃ አወጣች፤
የተቆረጠ ብረት ይደክማል ብላም
ከአሮጌ ጀልባ የተረፈ ወፍራም ቱቦ ለሁለት ሰንጥቃ
ጎድጓዳውን አልብሳ በየደችው።
ፍንጣሪው ካፖርቴን በሳው፤ ዝም አልኩ።
ከባሌስትራው ሥር ሽብልቅ አስገባች፣ ዲፈረንሻሉ
ቀና ብሎ ሻፍቱን ፊት ለፊት እንዲያየው፣
ክሮቼራው አንገቱ ተጣሞ እንዳይኖር።
ግራሶ አጠጣችው።
በመጨረሻ ሁለት ጣቷን፣ ያለ ጓንት፣
በሻፍቱና በብየዳው መሐል ሰደደች፤
ገቡ። ወጡ።
«ይበቃዋል።»
«ሦስት ጣት ቢሆን አይሻልም?»
«ሦስት ካማረህ ዝቅ አድርጋት።»

በማግስቱ ሌሊት ጥሪ መጣ፤
ሁለት ተጓዦችን ሜዳው ላይ ነፋስ ውጧቸዋል።
ያ ጉድጓድ ጋ ስንደርስ (ያው ይመስለኛል፣ በረዶ ሲሸፍነው ሁሉም አንድ ነው)
ሬዲዮውን እኔው ራሴ ዘጋሁት።
የኋላ እግሯ ወረደ። ተንጠለጠለ።
ጠበቅኩ።
ነፋስ ብቻ።
ሃልቤራ አታየኝም፣ ካርታ ታነባለች፤
ከንፈሯ ግን በአንድ በኩል ሸሸት ብሏል።

ሰዎቹን ይዘን ስንመለስ ገና አልነጋም።
ኦርቫር በፒጃማው በሩ ላይ ቆሟል፣
ጭቃውን በመዳፉ ይዞ፤
ዳርና ዳሩ ወፍራም፣ መሐሉ የሳሳ።
«ማን ነው የረገጠው?» ይላል።
«አጎትህ» አለችው።