ምራቂ

ከፒያሳው ባንክ ወጣን ሦስት ወረቀት ይዘን፣
እስከ አቶቴ ድረስ ባጃጅ ላይ ተጫጭነን።
ላሚሶ ያነባል፣ ነፋስ ይገልጥበታል፤
"ነሐስ" ሲል ደፋር ነው፣ "ወርቅ" ሲል ድምፁ ይቀጥናል።
የባንኳ ልጅ፣ ያቺ ጥርሰ ፍንጭት፣
ሦስቱን ዘርግታልን ነበር ጠረጴዛዋ ፊት፦
"በካርዱ ስትገዙ ወር ሲሞላ ቆጥሮ
ባንኩ ይመልሳል ከመቶው ቆንጥሮ።
ነሐሱ ግማሽ ብር፣ ብሩ ሁለት ብር፣
ወርቁ አራት" አለች፣ ቀና ብላ በክብር።

ማታ ልጆች ሲተኙ፣ መብራት ሳይጠፋ ገና፣
የቃልአብን ደብተር ከኋላው ገለጥኩና
ወጪያችንን ጻፍኩ፦ ጤፍ፣ ዘይት፣ ጋዝ፣
የባጃጅ ሳንቲም፣ የሞግዚቷ ደሞዝ፣
የአማቴ የግፊት ክኒን፣ ያለፈው ወር መዘዝ።
አንድ መስመር ባዶ፣ ለማላውቀው ነገር፤
ሁልጊዜ እሱ ነው የሚበልጠው ሲደመር።

ወርቁን አስቀደምን፣ ሰው ነንና እኛም፤
"አራት ከመቶ" ሲባል ጆሮ አይጠላም።
ታች ግን ደቃቅ ጽሑፍ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ፦
አራቱ የሚሰጠው ለሆቴል፣ ለበረራ፣
ዓመታዊ ክፍያው የሁለት ወር እንጀራ።
"እኛ የበረርነው አንዴ ነው" አለ ላሚሶ፣
"ያውም በባጃጅ ነው፣ ጉብታውን ጥሶ።"
ወርቁን ብናቀልጠው ሰም ሆኖ አገኘነው።
ነሐሱ ክፍያ የለው፣ ጥቅም የለው፤ ዝም ነው።

ቀረ መካከለኛው፣ ብር የሚሉት ብር።
መካከል እኮ ነው የእኛም ሰፈር፦
ደሃ አትሉንም ደሞዝ የገባ ሳምንት፣
ሀብታም አትሉንም ከሃያው በኋላ ያያችሁን ለት።

አሰላሁ። ዘይቱ፣ መብራቱ፣ የሱፐርማርኬቱ
አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው ወርኃዊ ሂሳቡ።
ተመላሹ በወር ሰማንያ አራት ብር፤
የዓመቱ ክፍያ፣ ሦስት መቶው ሲቀነስ፣
ሰባት መቶ ስምንት ይቀራል ለኪስ።
"የልጅ ጫማ ነው!" አለ ላሚሶ ደስ ብሎት።
"የአንዱ እግር" አልኩት።
ዋጋ እሱ መቼ ያውቃል።
ደግሞም ብድር ነው ካርዱ፦
አርባ አምስት ቀን ይታገሣል፣
ከዚያ ጥርስ ያበቅላል።

የቀረው ወጪስ? ባጃጁ ካርድ አያውቅም።
የአሞራ ገደሉ ዓሣ ሻጭም አይጠቅምም፤
ብሰጠው የቆሮሶ ቅርፊት ይፍቅበታል።

ልንተኛ ስንል ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦
የሸምሱ ዱቤ ደብተር፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ።
"የቃልአብ እናት" ይላል፤ ስሜን አያውቀውም።
ማሽን የለውም ሸምሱ፣ ካርድ አይቀበልም።
ሽንኩርት ሲመዝን ግን ሚዛኑ ከቆመ ወዲያ
አንድ ራስ ይጥልበታል። ማመልከቻ የለ፣ ፊርማ የለ።
"ምራቂ ነው" ይላል፣ ወደ ሌላ ሰው ዞሮ።
ፓርኩ ውስጥ የላሚሶ ፋብሪካ ሦስት ወር ሲዘጋ
ጻፈ እንጂ አልጠየቀም፤
እስክሪብቶው አልቆ እንኳ በእርሳስ ነው የቀጠለው።

መረቀ ማለት ጨመረ፤
መረቀ ማለት ባረከ፤
ባንኩ አንዱን ተረጎመልን፣ ሌላኛው የት ቀረ?

ብሩን ካርድ ወሰድን ለማንኛውም።
ወር ሲሞላ ስልኬ ጮኸ፣ አንዱን መልእክት ሦስት ጊዜ፦
"ሰማንያ አራት ብር ተመላሽ ሆኖልዎታል።"
አውጥቼ ሸምሱ ጋ ሄድኩ፣
ከገጽ አሥራ ዘጠኝ አንድ መስመር አሰረዝኩ፣
በተረፈችው ሳሙና ገዛሁ።
ሸምሱ ከሳሙናው ላይ አንዲት ሎሚ ጣለ።

ማታ ላሚሶ ሎሚዋን አገላብጦ
"ይቺ ስንት ከመቶ ትሆናለች?" አለና
እርሳስ አነሳ።
እጁን መታሁት።